ሣጥኑ የገዢው፣ ቁልፉ የሻጩ

(የቪዲዮ ጌም ማጫወቻ ኩባንያዎች ሌላ ሰው ለመሣሪያቸው ፕሮግራም እንዳይሠራ ለምን ይከለክላሉ? በሚል ጥያቄ ላይ አንድ የኤሌክትሮኒክስ ባለሙያ ለኮምፒዩተር ተማሪዎች ያደረጉት ንግግር ሙሉ ቃል ከዚህ በታች ቀርቧል። - ዝግጅት ክፍሉ)




«ስለ ጌም ደግሞ ምን የሚወራ ቁም ነገር አለ? የልጆች ጨዋታ አይደል እንዴ?» የሚል ሰው ከመካከላችሁ እንደማይጠፋ እገምታለሁ። አልፈርድበትም። እኔ ግን የመጣሁት ስለ ጨዋታው ሳይሆን ስለ በሩ ላወራ ነው። በሩን ማን ይጠብቃል? ማን ይገባል? ማንስ ውጭ ይቀራል? የሚገባውስ ስንት ከፍሎ ነው? እነዚህ የልጆች ጥያቄዎች አይደሉም።

በቅድሚያ ሁለት ነገር ላስታውቅ። አንደኛ፣ የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው። ሁለተኛ፣ እኔ የሕግ ሰው አይደለሁም፤ ነጋዴም አይደለሁም። መሣሪያ ጠጋኝ ነኝ። የተበላሸ መፍታት፣ የፈቱትን መልሶ መግጠም ነው ሥራዬ።

ታዲያ በዚህ ሥራዬ ሁልጊዜ የሚገርመኝ አንድ ነገር አለ። ሬዲዮ ስትፈቱ፣ ቴሌቪዥን ስትፈቱ፣ ውስጡ የምታገኙት ዕቃ ሁሉ መሣሪያው እንዲሠራ ተብሎ የተገጠመ ነው። ሬዲዮው እንዳይናገር ተብሎ የተበየደ ነገር አታገኙም። የቪዲዮ ጌም ማጫወቻ ስትፈቱ ግን መሣሪያው እንዳይሠራ ተብሎ የተገጠመ ዕቃ ታገኛላችሁ! ፋብሪካው ገንዘብ አውጥቶ፣ መሐንዲስ ቀጥሮ፣ «እኔ ያልፈቀድኩት ፕሮግራም ከመጣ አታስገባ» የተባለ ዘበኛ ውስጡ አስቀምጧል።

ነገሩን በቴፕ ላስረዳ። ሶኒ ቴፕ የገዛ ሰው የፈለገውን ዘፋኝ ካሴት ከትቶ ያዳምጣል። ሶኒ ዘፋኙን «በእኔ ቴፕ ለመሰማት ፈቃድ አውጣ፤ ከእያንዳንዱ ካሴትም ይህን ያህል ክፈለኝ» ብሎት አያውቅም። ይኸው ሶኒ በሠራው ፕሌይስቴሽን ላይ ግን ያለ ሶኒ ፈቃድ አንድም ጌም እንዲጫወት አልታሰበም። ኩባንያው አንድ ነው፤ ሕጉ ሁለት። ለምን? የዛሬው ንግግሬ መልስ የሚፈልገው ለዚህ «ለምን» ነው።

ኬላ ያልነበረበት ዘመን

አታሪ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በ1977 ለቤት የሚሆን ማጫወቻ አወጣ። ጌሞቹ በካሴት መልክ እየተሸጡ መሣሪያው ላይ ይሰካሉ። በዚያ መሣሪያ ውስጥ ዘበኛ አልነበረም። ይህ ግን ከቸርነት የመጣ አይደለም። ከአታሪ ውጭ የአታሪን ካሴት የሚሠራ ሰው ይመጣል ብሎ ያሰበ ስላልነበረ ነው።

የመጡት ደግሞ ከሩቅ አይደለም፤ ከራሱ ጓዳ ነው። አታሪ ውስጥ ጌም ይጽፉ የነበሩ ሰዎች ደመወዝተኞች ነበሩ። የሠሩት ጌም በሚሊዮን ዶላር ሲሸጥ እነሱ ከደመወዛቸው ሌላ ድርሻ የላቸውም። ስማቸው እንኳ ካሴቱ ላይ አይጻፍም። ዋረን ሮቢኔት የተባለው ሠራተኛ «አድቬንቸር» የተባለ ጌም ሲሠራ አለቆቹ ሳያውቁ አንድ ድብቅ ክፍል ፈጥሮ ስሙን እዚያ ውስጥ አስቀመጠ። ሰው በገዛ ሥራው ላይ ስሙን በስርቆሽ ሲጽፍ ይታያችሁ!

ዴቪድ ክሬን፣ ላሪ ካፕላን፣ አለን ሚለርና ቦብ ኋይትሄድ የተባሉት አራቱ ግን በድብቅ ክፍል አልረኩም። ድርሻቸውን ሊጠይቁ የኩባንያው ኃላፊ ሬይ ካሳር ዘንድ ቀረቡ። ክሬን ኋላ እንደተረከው፣ የተሰጣቸው መልስ እናንተ ካሴቱን ከሚገጣጥመው የፋብሪካ ሠራተኛ አትበልጡም የሚል ነበር። ወጡ። በ1979 አክቲቪዥን የሚባል ኩባንያ ከሌሎች ጋር አቋቋሙ። ማጫወቻ ሳይኖረው ለሌላ ሰው ማጫወቻ ጌም የሚሠራ የመጀመሪያው ኩባንያ ይኸው ነው። አታሪ በ1980 ከሰሳቸው፤ በ1982 ግን አክቲቪዥን ለአታሪ የተወሰነ ክፍያ እየከፈለ ሥራውን እንዲቀጥል ተስማሙ። በዚያው ዓመት የክሬን «ፒትፎል» ወጥቶ በሚሊዮኖች ተሸጠ።

ልብ በሉ! የዛሬው «ሌላ ሰው ለመሣሪያዬ አይሥራ» የሚለው ክልከላ የተወለደው ከዚህ ጠብ ነው። መጀመሪያ የተጠየቀው የጥራት ጥያቄ አልነበረም፤ የድርሻ ጥያቄ ነበር።

በሩ ክፍት መሆኑ ከታወቀ በኋላ ያልገባ የለም። ጌም ሠርተው የማያውቁ ሁሉ ጌም ሠሪ ሆኑ። ኩዌከር ኦትስ የተባለው የአጃ ገንፎ ኩባንያ እንኳ በቅርንጫፉ በኩል የጌም ካሴት ይሸጥ ጀመር! ገበያው በግርድፍ ተጥለቀለቀ። ሱቆች አልሸጥ ያላቸውን በ5 ዶላር ሲበትኑት ደህናውን በሙሉ ዋጋ የሚገዛ ጠፋ። በ1983 ገበያው ወደቀ። በአሜሪካ 3 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ይባል የነበረው የቤት ቪዲዮ ጌም ሽያጭ በ1985 ወደ 100 ሚሊዮን ዶላር ገደማ መውረዱ ይነገራል።

ከዚያ ወዲህ ማጫወቻ የሚሠራ ኩባንያ ሁሉ ስለ ክልከላው ሲጠየቅ የሚጠቅሰው ይህንን ዓመት ነው። «በሩን ክፍት ብንተወው የ1983ቱ ይደገማል» ይላል። እውነት አለው? ግማሽ እውነት አለው። ሌላውን ግማሽ ግን አይነግራችሁም።

ሌላው ግማሽ ይኸውላችሁ። በ1982 አታሪ ራሱ «ፓክማን»ን በ12 ሚሊዮን ቅጂ ገደማ አመረተ፤ ጌሙ የተጣደፈ ስለነበር ሚሊዮኖቹ ሳይሸጡ ቀሩ። ቀጥሎ «ኢ.ቲ.» ከተባለው ፊልም ጌም ለማውጣት ለአንድ ፕሮግራም ጸሐፊ አምስት ሳምንት ገደማ ብቻ ሰጠው። የፈረንጆች ገና እንዳያልፍ ነዋ! ወደ 4 ሚሊዮን ካሴት ተመረተ፤ አብዛኛው ተመለሰ። መጥኖ መደቆስ ቀረና ድስት ጥዶ ማልቀስ ሆነ። አታሪ በ1983 ያልተሸጡ ካሴቶችን በኒው ሜክሲኮ፣ አላሞጎርዶ ከተማ ቆሻሻ መጣያ ውስጥ ቀበረ። በ2014 ቦታው ሲቆፈር ተገኙ።

አሁን እንጠይቅ። በዚያ ዘመን ኬላ ቢኖር ኖሮ ኬላው «ኢ.ቲ.»ን ይመልሰው ነበር? በፍጹም! የባለ ኬላው ዕቃ ነዋ። ባለ ኬላ የራሱን ጭነት ሲፈትሽ የት ታይቶ ያውቃል?

ዘበኛው ተቀጠረ

እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባላል። ኒንቴንዶ የተባለው የጃፓን ኩባንያ በ1983 አገሩ ውስጥ ያወጣው ማጫወቻ ዘበኛ አልነበረውም። በ1985 ወደ አሜሪካ ሲመጣ ግን የአታሪን መቃብር አይቷል፤ በጃፓንም ፈቃድ ያላወጡ ሰዎች ካሴት ሲሠሩ ተመልክቷል። ስለዚህ መሣሪያው ውስጥ አንድ ትንሽ ቺፕ፣ እያንዳንዱ ካሴት ውስጥ ደግሞ የዚያ ቺፕ መንትያ ተገጠመ። ማብሪያው ሲነካ ሁለቱ ቺፖች በምስጢር ቋንቋ ይነጋገራሉ። ቃላቸው ከገጠመ ጌሙ ይጀምራል። ካልገጠመ ዘበኛው መሣሪያውን በየሰከንዱ ገደማ እያጠፋ ያስነሳዋል፤ ቴሌቪዥኑ ላይ የምታዩት ብልጭ ድርግም ብቻ ነው።

እዚህ ላይ እንደ ጠጋኝ አንድ ነገር ልጨምር። በዚያ ማጫወቻ ላይ ካሴቱ የሚሰካበት ቦታ ሲቆሽሽ ወይም ሲላላ ሁለቱ ቺፖች በደንብ አይሰማሙም። ያን ጊዜ ዘበኛው ሕጋዊውንም ካሴት ያባርራል። ገንዘቡን ከፍሎ ዋናውን ካሴት የገዛ ሰው ካሴቱን እያወጣ «እፍ» ሲልበት የነበረው ለዚህ ነው። ጠጋኞችም የዘበኛውን አንድ እግር ቆርጠው መሣሪያውን ያድኑት ነበር። ኒንቴንዶ ራሱ በ1993 የዚያን ማጫወቻ አዲስ ሞዴል ሲያወጣ ዘበኛውን ጨርሶ ተወው።

ዘበኛው ከቆመ በኋላ የመጣው ውል ነው ዋናው ጉዳይ። ለኒንቴንዶ ጌም መሥራት የፈለገ ኩባንያ የሚፈርመውን ስሙ፦

በዓመት ከአምስት ጌም በላይ አታወጣም። ያወጣኸውን ጌም ለሁለት ዓመት ለሌላ ማጫወቻ አታወጣም። ካሴቱን የሚያመርተው ኒንቴንዶ ብቻ ነው፤ ስንት እንደሚያስከፍልህም እሱ ይወስናል። ዝቅተኛውን ብዛት ታዝዛለህ፤ ገንዘቡን አስቀድመህ ትከፍላለህ፤ ካልተሸጠ ኪሳራው ያንተ ነው። ጌምህ ውስጥ ደም፣ የሃይማኖት ምልክትና ሌላም ኒንቴንዶ ያልወደደው ነገር ካለ ይወጣል።

እንግዲህ ሚዛን ላይ አስቀምጡት። ከእነዚህ ውስጥ የትኛው ነው ስለ ጥራት? በዓመት አምስት ብቻ የሚለውን «ግርድፍ እንዳይበዛ ነው» ብለን እንቀበለው። ለሁለት ዓመት ለሌላ አትሥራ የሚለውስ? ጥሩ ጌም ለተወዳዳሪ ማጫወቻ ሲሠራ ጥራቱ ይቀንሳል? አይቀንስም። የሚቀንሰው የኒንቴንዶ ብቸኝነት ነው። ካሴቱን እኔ ብቻ ላምርት የሚለውስ? በ1988 የቺፕ እጥረት በመጣ ጊዜ ለማን ስንት ካሴት እንደሚመረት የወሰነው ኒንቴንዶ ነበር። ኒንቴንዶ ደግሞ «ማሪዮ»ን የመሰሉ የራሱን ጌሞች እዚያው ገበያ ላይ የሚሸጥ ተወዳዳሪ ነው!

ኮናሚ የተባለው የጃፓን ኩባንያ የአምስቱን ገደብ ለማለፍ አልትራ የሚባል ሌላ ስም አውጥቶ በሁለት ስም ሲሠራ ኒንቴንዶ ፈቀደለት። ይህም ገደቡ የጥራት ብቻ እንዳልነበረ ያሳያል። ጥራት ቢሆን ኖሮ ጌሙ ይመዘን ነበር እንጂ የኩባንያው ስም አይቆጠርም ነበር።

ሂሳቡ እንዲህ ነው

ወደ ገንዘቡ እንምጣ፤ ያለ እሱ ነገሩ አይገባም።

ማጫወቻ መሥራት ውድ ነው። ውድ ሆኖ ቢሸጥ ደግሞ የሚገዛው ጥቂት ነው። ስለዚህ ብዙዎቹ ኩባንያዎች መሣሪያውን በርካሽ፣ አንዳንዴም ከወጪው በታች ሸጠው ትርፉን ከጌሙ ይለቅማሉ። በ2021 አሜሪካ ውስጥ ኤፒክ የተባለው የጌም ኩባንያ አፕልን በከሰሰበት ችሎት የማይክሮሶፍት ኃላፊ ቀርበው ሲመሰክሩ፣ ኩባንያቸው ከኤክስቦክስ መሣሪያ ሽያጭ አትርፎ እንደማያውቅ ተናግረዋል። ታዲያ ከምን ይኖራል? በመደብሩ ከሚሸጠው ጌም ሁሉ ከሚቆርጠው ድርሻ ነው። የተለመደው ድርሻ 30 ከመቶ ነው።

በዚህ ሂሳብ መሣሪያውን ገዝቶ ጌም የማይገዛ ሰው ለኩባንያው ዕዳ ነው። ይህን በደንብ የሚያሳየው የፕሌይስቴሽን 3 ታሪክ ነው። ሶኒ በ2006 ሲያወጣው ሊነክስን የመሰለ ሌላ ሲስተም ገዢው ራሱ እንዲጭንበት ፈቅዶ ነበር። መሣሪያው ኃይለኛ፣ ዋጋው ደግሞ ከአቅሙ አንጻር ርካሽ ስለነበር ተመራማሪዎች ወደዱት። የአሜሪካ አየር ኃይል ከ1,700 በላይ ፕሌይስቴሽን 3 አያይዞ ትልቅ ኮምፒዩተር ሠራበት! ከእነዚያ ሁሉ ሶኒ የሚያገኘው የጌም ድርሻ ስንት ነው? ባዶ። በኤፕሪል 2010 ሶኒ ያንን ፈቃድ አነሳው። የሰጠው ምክንያት የጸጥታ ጉዳይ ነው፤ በዚያው ዓመት መጀመሪያ አንድ ወጣት የመሣሪያውን ቁልፍ ለመስበር መንገድ ማግኘቱን ይፋ አድርጎ ስለነበር ምክንያቱ ውሸት ነው አልልም። ግን የተነሳው ነገር ገዢው ሲገዛ የተሸጠለት ነገር ነበር። ገንዘቡን ከፍሎ ቤቱ ካስገባ በኋላ ከተሸጠው ዕቃ ላይ አንዱን ክፍል ሻጩ ከሩቅ ሆኖ ወሰደበት። ገዢዎች ከሰሱ፤ ክርክሩ ዓመታት ፈጅቶ በካሳ ስምምነት አለቀ።

«በኪሳራ የሸጠ ሰው ኪሳራውን ቢያካክስ ምን ነውር አለው?» ትሉኝ ይሆናል። ነውር የለውም። ግን ኒንቴንዶ በአብዛኛው ማጫወቻውን በኪሳራ የማይሸጥ ኩባንያ ነው። ቁልፉ ግን እሱም ጋ አለ። ስለዚህ ኪሳራን ማካካስ የቁልፉ አንዱ ምክንያት እንጂ ሙሉው ምክንያት አይደለም።

ሌባውና ደራሲው

የሚቀረው ሦስተኛ ምክንያት የቅጂ ስርቆት ነው። ይህን እኛ አገር ማንም አይስተውም። በየሠፈሩ ፕሌይስቴሽን ቤት የከፈተ ሰው ስንቱ ዋናውን ዲስክ ገዝቶ ነበር? የተገለበጠ ሲዲ፣ ውስጡ ቺፕ የተበየደበት ማጫወቻ... ሁላችንም እናውቀዋለን። አልፎ አልፎ «ድሃ አገር ነን፣ ምን እናድርግ» እንላለን። የዋናው ዲስክ ዋጋ ከአንድ ቤተሰብ የወር ወጪ ጋር ሲተያይ ክርክሩ ባዶ አይደለም። ግን ጌም የጻፈው ሰው ከተገለበጠው ሲዲ አንዲት ሳንቲም አላገኘም። ነገ የእናንተ ጌም ሲገለበጥ ይገባችኋል። ስለዚህ ኩባንያዎቹ ከሌባ መጠበቅ እንፈልጋለን ሲሉ መብታቸው ነው።

ችግሩ ሌላ ነው። ቁልፉ ሌባውንና ደራሲውን አይለይም! የሌላውን ሥራ የገለበጠውን ሰው የሚያግደው ዘበኛ፣ የራሱን ሥራ በራሱ ላብ ጽፎ የመጣውንም ያግዳል። ለዘበኛው ሁለቱም «ያልተፈቀደላቸው» ናቸው። ስርቆትን ለመከልከል የተሰጠው ሥልጣን ደራሲን ለማስገበር ዋለ። ይህ ነው የነገሩ እምብርት።

እንዲህ ስናየው ማጫወቻ ሠሪው ሦስት ወንበር ላይ በአንድ ጊዜ ተቀምጧል። መርማሪ ነው፤ ጥሩውን ከመጥፎው ይለያል። ቀራጭ ነው፤ ካለፈው ሁሉ ድርሻውን ይቆርጣል። ነጋዴ ነው፤ ከሚመረምራቸውና ከሚቀርጣቸው ሰዎች ጋር እዚያው ገበያ ላይ ይወዳደራል። እያንዳንዱ ወንበር ለብቻው ቢሆን ይገባኛል። ገበያ መርማሪ ያስፈልገዋል። መንገድ የሠራም መንገዱ ላይ ቢያስከፍል ያባት ነው። ነጋዴም ይነግድ። ሦስቱ አንድ ሰው ሲሆኑ ግን፣ ጌሜ ለምን ተከለከለ? የሚል ሰው አቤቱታውን ለማን ያቅርብ? ለከሳሹ? ለዳኛው? ለተወዳዳሪው? ሁሉም አንድ ሰው ነው!

ለብርቱም ብርቱ አለው

ይህን ዝም ብሎ የተቀበለ ሁሉ አልነበረም። ሦስት አራት መንገዶች ተሞክረዋል፤ ከእያንዳንዱ የምንማረው አለ።

አንደኛው የቴንጀን መንገድ ነው። ቴንጀን የአታሪ ጌምስ ቅርንጫፍ ነበር። የኒንቴንዶን ውል ከፈረመ በኋላ ቁልፉን የሚከፍት የራሱን ቺፕ ሠርቶ በ1988 ያለ ፈቃድ መሸጥ ጀመረ፤ ኒንቴንዶንም በገበያ ጠቅላይነት ከሰሰ። ግን የዘበኛውን ምስጢር ያገኘው ለአሜሪካ የቅጂ መብት መሥሪያ ቤት የውሸት ምክንያት አቅርቦ ግልባጩን በመውሰድ ነበር። ፍርድ ቤት በ1992 ይህን አልማረውም። ያው ፍርድ ቤት ግን፣ በሕጋዊ መንገድ በእጅህ የገባን ዕቃ አሠራሩን ለመረዳት መፍታትና ማጥናት በራሱ ጥፋት አይደለም አለ። ቴንጀንን የጣለው ማጥናቱ ሳይሆን መዋሸቱ ነው።

ሁለተኛው የአኮሌድ መንገድ ነው። አኮሌድ የሴጋን ማጫወቻና ጌሞች ገዝቶ፣ ፈታትቶ፣ አጥንቶ የራሱን ጌም አወጣ። ሴጋ ከሰሰ። በ1992 የአሜሪካ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ለአኮሌድ ፈረደ፤ ከመሣሪያው ጋር የሚስማማ አዲስ ሥራ ለመሥራት ሌላ መንገድ ከሌለ ፕሮግራሙን ፈትቶ ማጥናት የተፈቀደ ነው ተባለ። ውድ ተማሪዎች፣ ይህ ፍርድ የጠጋኝና የተማሪ ሁሉ ፍርድ ነው። ፈትቶ መማር ሌብነት አይደለም ማለት ነው።

ሦስተኛው የኤሌክትሮኒክ አርትስ መንገድ ነው። እሱም የሴጋን መሣሪያ ፈትቶ አጠና፤ ፍርድ ቤት ግን አልደረሰም። በ1990 «ያለ እናንተም መሥራት እችላለሁ፤ እንደራደር» አለና የተሻለ ውል ተቀበለ። ሌላ መንገድ ያለው ሰው ብቻ ነው ኬላ ላይ ዋጋ የሚከራከረው።

አራተኛው የሚያስቅ ነው። ዊዝደም ትሪ የተባለ ኩባንያ ዘበኛውን በኤሌክትሪክ ንዝረት እያደነዘዘ የመጽሐፍ ቅዱስ ጌሞች ያለ ፈቃድ ይሠራ ነበር። ኒንቴንዶ ያልተፈቀደ ጌም የሚሸጡ ሱቆችን ይጫናል ተብሎ ይፈራ ነበር። ዊዝደም ትሪ ታዲያ ካሴቶቹን በክርስቲያን መጻሕፍት መደብሮች ሸጠ። እነዚያ መደብሮች የኒንቴንዶ ዕቃ አይሸጡም፤ ኒንቴንዶ በምን ያስፈራራቸው?

ኒንቴንዶን ከሁሉ በላይ የገራው ግን ፍርድ ቤት አይደለም፤ ተወዳዳሪ ነው። ሴጋ ሲበረታበት፣ መንግሥትም መመርመር ሲጀምር፣ የሁለት ዓመቱን እገዳ በ1990 ተወው። በ1994 ሶኒ ፕሌይስቴሽንን ሲያወጣ ጌሙ በርካሽ ሲዲ ላይ የሚታተም፣ ውሉም ለጌም ሠሪዎች የቀለለ ነበር። ለዓመታት በኒንቴንዶ ቤት ያደገው ስኩዌር እንኳ ጓዙን ጠቅልሎ ሄደና «ፋይናል ፋንታሲ 7»ን በ1997 ለፕሌይስቴሽን አወጣ። ሶኒ ግን ኬላውን አላፈረሰም። ኬላውን አሳመረው፤ ቀረጡን ቀነሰ። ሁለት ኬላ ከአንድ ኬላ ይሻላል፤ ነጻ መንገድ ግን አይደለም።

ታዲያ እኛ ምን አገባን?

አገባን እንጂ! ይህ ነገር ከማጫወቻው ወጥቶ ኪሳችን ገብቷል። አፕል በ2008 የስልክ ፕሮግራም መደብሩን ሲከፍት ያንኑ 30 ከመቶ፣ ያንኑ ምርመራ፣ ያንኑ ቁልፍ ይዞ ነው። ኤፒክ በ2020 ከሶ አፕል በ2021 በአብዛኛው ረታ። የአውሮፓ ኅብረት ግን ከማርች 2024 ጀምሮ አፕል ሌሎች መደብሮችን በአውሮፓ እንዲፈቅድ በሕግ አስገደደው። የጌም ማጫወቻዎቹን ያ ሕግ አልነካቸውም።

እዚህ አዲስ አበባ ውስጥ «ኩኩሉ» የተባለውን የስልክ ጌም የሠሩ ወጣቶች አሉ። ዶሮዋን ስታሯሩጡ የነበራችሁ ታውቁታላችሁ። ለምን ለፕሌይስቴሽን ሳይሆን ለስልክ ጀመሩ ብላችሁ እስቲ አስቡ። ስልኩ በሕዝቡ እጅ አለ፤ በሩም ቢያንስ ጠባብ ቢሆን ለብቻው ለሚመጣ ሰው ይከፈታል። ለማጫወቻ ለመሥራት ግን ለረጅም ዘመን ፈቃድ፣ ልዩ የመሥሪያ መሣሪያ፣ የምስጢር ውል ያስፈልግ ነበር፤ ያንን የሚያሟላው ትልቅ ኩባንያ ብቻ ነው። ማይክሮሶፍት ከ2013 ጀምሮ ለትንንሽ ሠሪዎች በሩን ገርበብ አድርጓል፤ ከ2016 ጀምሮም ተራውን ኤክስቦክስ መሥሪያ ማድረግ ተፈቅዷል። ጥሩ ነው። ግን የተፈቀደ ነገር ሊከለከልም ይችላል፤ የፕሌይስቴሽን 3ን ነገር አትርሱ።

«በሩ ይከፈት ካልን ግርድፉ አይመለስም ወይ?» ለሚለኝ ሰው ኮምፒዩተሩን አሳየዋለሁ። እዚህ የምትማሩበት ኮምፒዩተር ላይ ማንም ሰው የማንንም ፈቃድ ሳይጠይቅ ፕሮግራም ይጽፋል። ግርድፍ አለ? ሞልቷል። ገበያው ሞተ? አልሞተም። ምርመራ የሚፈልግ ሰው የሚያምነው መደብር ሄዶ ይገዛል፤ የማይፈልግ ከደራሲው በቀጥታ ይወስዳል። መርማሪው አለ፤ ግን መርማሪውን ማለፍ ይቻላል። ልዩነቱ ይኸው ነው።

ስለዚህ ሥራችሁን ይዛችሁ ወደ ማንኛውም በር ስትሄዱ ሦስት ነገር ጠይቁ። አንድ፦ ሥራዬን የሚመረምረው ሰው ራሱ ተወዳዳሪዬ ነው ወይ? ሁለት፦ ቢከለክለኝ ምክንያቱን ጽፎ ይሰጠኛል? አቤት የምልበትስ ቦታ አለ? ሦስት፦ ይህ በር ቢዘጋ ሌላ በር አለኝ ወይ? ሦስተኛው ከሁሉ ይበልጣል። ኤሌክትሮኒክ አርትስን ያስከበረው ጌሙ ብቻ ሳይሆን ሌላ መንገድ ማወቁ ነው። እንግዲያው ሥራችሁ በአንድ መሣሪያ ላይ ብቻ እንዲሄድ አድርጋችሁ አትጻፉት። መጀመሪያ ክፍት በሆነው ኮምፒዩተር ላይ ሥሩት። የጻፋችሁትን ፕሮግራም ባለቤትነት በውል አሳልፋችሁ አትስጡ። ስማችሁንም በድብቅ ክፍል ሳይሆን ፊት ለፊት ጻፉት።

ኩባንያዎቹ ቁልፉን የያዙት ከመጥፎ ጌም ሊጠብቁን ነው ይባላል። ከፊሉ እውነት ነው፤ ስርቆትን የመከላከል መብታቸውም አይካድም። ቁልፉን እስከ ዛሬ በእጃቸው ያቆየው ግን የሌላ ሰው ላብ የሚያስገኘው ድርሻ ነው። ድርሻ መጠየቃቸውን አልቃወምም። ብቻቸውን ጠይቀው፣ ብቻቸውን ወስነው፣ ብቻቸውን መፍረዳቸውን ግን እቃወማለሁ።